ጋሽ ቢተው ያቃኑት ክንፍ

ጋሽ ቢተው ሁለት ዓይነት መሮ አላቸው። ዘጠኙ እጀታቸው ወይራ ነው፤ ስለታቸው የክንድ ፀጉር ይላጫል። አራቱ ደግሞ እጀታቸው ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል፤ ዝገት በልቷቸዋል። ዘጠኙ የመስቀል ናቸው፤ አራቱ የጠመንጃ ሰደፍ። አባታቸው ሁለቱንም ይጠርቡ ስለነበር በዚያ ቤት አንድ ደንብ ነበር፦ ሰደፍ የነካ መሮ መስቀል አይነካም። ቢነካ እንጨቱ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ግን ደንብ ነው። ጋሽ ቢተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰደፍ ሠርተው አያውቁም። አራቱን የአባታቸውን መሮ ግን በከረጢት አድርገው ከወርክሾፓችን በር ጀርባ ሰቅለዋቸዋል።

«ምን ያደርጉልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ያስታውሱኛል» አሉ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ላሊበላ ተወልደው ላሊበላ አረጁ፤ ከላስታ ርቀው ሦስት ሌሊት አድረው አያውቁም። ፈረንጅ በሚመላለስበት ዘመን ቤተ ጊዮርጊስን በዋንዛ አሳንሰው ይሠሩ ነበር። ክንድ ከማይሞላ ግንድ ውስጥ መስኮቱን፣ የጣራውን መስቀል፣ የውኃ መውረጃውን ሳይቀር ፈልፍለው ያወጣሉ። ኮላ አይነኩም። «ያ አንድ ድንጋይ ነው፤ ይሄም አንድ እንጨት ይሁን» ይላሉ። እኔ ቴክኒክና ሙያ ተምሬ፣ ቶርኖዬን ይዤ አብሬያቸው ለመሥራት ስገባ በመጀመሪያው ሳምንት የናቁኝ በኮላዬ ነበር።

«ደሳለ፣ ይሄ ወንበር አሁን የቆመው በእግዜር ነው በኮላ?»

«በኮላ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው የሚቀመጥበት ሰው ይጸልይ።»

የማዕዘን መለኪያ አይዙም፤ ሜትር አይዙም። የመስቀል ክንድ ከወጣ በኋላ ወደ መስኮቱ ያዞሩትና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። «ደህና ነው» ካሉ ደህና ነው። እኔ ተንኮለኛ ስለሆንኩ ከኋላቸው በካሊፐር እለካው ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከግማሽ ሚሊ በላይ ስተው አላገኘሁም። አንድ ጊዜ ብቻ የአንድ መስቀል ግራ ክንድ በጣም ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ሦስት ሳምንት የለፉበትን እሳት ውስጥ ከተቱት። ያዘመመ መስቀል ለሰው አይሰጥም አሉ።

ጦርነቱ መጣ፤ ፈረንጁ ቀረ። የቤተ ጊዮርጊስ ሞዴሎች መደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሱ። እኔ በርና የተማሪ ዴስክ እየሠራሁ ቆየሁ። ጋሽ ቢተው ዘንድ የቀረው አንድ ትእዛዝ ነበር፤ ያም የነአኩቶ ለአብ ገዳም ነው። የገዳሙ መነኩሴ አባ ተክለ ሚካኤል ለኅዳሩ ንግሥ የሚወጣ ትልቅ የወይራ መጾር መስቀል አዘዟቸው። አሮጌው ተሰንጥቋል። አባታቸው የሠሩት ነበር፤ ልጅየው እንዲተኩት ነው የተጠሩት። ጋሽ ቢተው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንደ መርዶ ነጋሪ ዝቅ አለ፤ ደስታቸው እንደዚያ ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሰውነት የሚባል ኢንጂነር መጣ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጫማው ንጹሕ፣ ላፕቶፕ ያነገበ ሰው ነው። የጋሽ ቢተውን ቤተ ጊዮርጊስ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ አይቶ፣ በኪሱ ማስመሪያ ለክቶት፣ አፈላልጎ ነው የመጣው። ልኩ ሳይዛነፍ መገኘቱ አስገርሞታል። ወረቀት ዘረጋ፤ ቀጭን ዘንግ የመሰለ፣ አፍንጫው ሾጣጣ፣ ጅራቱ ላይ አራት ክንፍ ያለው ነገር ተሥሏል።

«የአየር ንብረት ጥናት ነው» አለ። «ደመና ውስጥ ገብቶ የሚለካ ሮኬት። ትልቁን ከመሥራታችን በፊት ትንሹን በነፋስ እንሞክረዋለን።»

የሚሞከርበትን ነገር በስልኩ አሳየን። ክፍል የሚያህል ረጅም ሳጥን ነው፤ በአንድ ጫፉ ትልቅ ማራገቢያ፣ በጎኑ መስታወት። ሞዴሉን መሀል ላይ በብረት ዘንግ ያቆሙታል፣ ነፋሱን ይለቁበታል፣ ቀጫጭን የጭስ ክር ይሰዱና ጭሱ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ያያሉ። ዘንጉ ሥር ያለው ሚዛን ነፋሱ በስንት ኃይል እንደሚገፋው ይመዘግባል። የሚፈልጉት ስድስት ነው፤ እያንዳንዱ ሞዴል የእውነተኛው አንድ አራተኛ ነው። ገጹ እንደ እንቁላል ቅርፊት መለስለስ አለበት። ከፕላስቲክ የሚያወጣላቸው ማሽን ተበላሽቶ መለዋወጫ እየጠበቁ ነው። እስከዚያ እጅ ይፈልጋሉ።

«ዝናብ ነው የሚለካው?» አሉ ጋሽ ቢተው።

«ዝናብንም።»

«እንግዲያውስ ጸሎት ነው» አሉና ዘጠኙን መሮ አወጡ።

ወይራ መረጥን። አካሉን እኔ በቶርኖ አወጣሁት፤ አርባ አምስት ሳንቲም ርዝመት፣ ሦስት ሳንቲም ውፍረት። ክንፎቹን ለይቼ ሠርቼ በኮላ ልለጥፍ ስል ጋሽ ቢተው አልሰማ አሉ። ጅራቱ ላይ ወፍራም ቀለበት ተወልኝ አሉ፤ ከዚያው ከቀለበቱ አራቱን ክንፍ ፈልፍለው ሊያወጡ። ተውኩላቸው። ከዚያ ሥዕሉን አስረዳኋቸው፦ እያንዳንዱ ክንፍ ሁለት ዲግሪ ያጋድላል፤ አራቱም በአንድ አቅጣጫ።

«ይሄን የሣለው ሰውዬ ያን ዕለት ጠጥቷል» አሉ።

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏል ጋሼ።»

«የሰካራም ወረቀት ነዋ።»

ዴስክ ልገጥም ሙጃ ሄጄ ሁለት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ስድስቱም አልቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሽተው፣ ቨርኒሽ ጠጥተው ተደርድረዋል። ርዝመቱን ለካሁ፣ ውፍረቱን ለካሁ፣ ደህና ነበር። የክንፉን ማጋደል አልለካሁም። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ የለካ ሰው ሁሉንም ይለካል።

ሰውነት ወሰዳቸው፤ ከዚያ ቪዲዮ ላከልን። የጋሽ ቢተው ወይራ መስታወቱ ውስጥ ቆሟል፤ ጭሱ እንደ ነጭ ፈትል መጥቶ አፍንጫው ላይ ይከፈልና ክንፎቹን ዳስሶ ያልፋል። ጋሽ ቢተው አሥራ አንድ ጊዜ አዩት። «እይ፣ የትም ሳይሰናከል አለፈ» ይላሉ። ባለቤታቸውን እትዬ ብርቅዬን ጠርተው አሳዩዋቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ የደከምከው ጢስ ልታሞቅ ነው?» አሉ እትዬ ብርቅዬ።

«ነፋስ ነው እንጂ ጢስ አይደለም።»

«ነፋስማ እዚህ በነፃ አለልህ፤ በር ክፈት።»

በዚያው ሰሞን ጋሽ ቢተው የገዳሙን መስቀል ጀመሩ፤ በዚያው መሮ። ሐምሌ ላይ ግማሹ ወጣ።

ሐምሌ ላይ ሰውነት ስድስቱን ሞዴል በካርቶን ይዞ ተመለሰ። ሰላምታው አጭር ነበር። አንዱን አውጥቶ ጠረጴዛችን ላይ አኖረና የክንፉን ሥር በእስክሪብቶ ጫፍ ጠቆመ።

«ይህ ቀጥ ያለ ነው። ስድስቱም ቀጥ ብለዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነፋስ ስንነፋ ዞሮ አያውቅም። ለምን አይዞርም ብለን ሚዛኑን ፈታን፣ ማራገቢያውን ፈታን። ለካስ…»

«አቃናሁት» አሉ ጋሽ ቢተው ደስ ብሏቸው። «ጠሞ ነበር።»

«መጥመም አለበት አባቴ! የተጣመመው እንዲሽከረከር ነው።»

«ለምን ይሽከረከራል?»

«እንዳይስት።»

«ምኑን እንዳይስት?»

በዚያው ቅጽበት የሰውነት ስልክ ጮኸ። ወደ በሩ ፈቀቅ ብሎ አነሳው። በሩ ግን ሳንቃ ነው፤ ድምፅ አይከለክልም። «አዎ፣ እዚሁ ይታረማል። እስከ ቅዳሜ። አይ፣ እነዚህ አይጠይቁም፤ ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት» ሲል ሰማሁት።

ከሱ ይልቅ የራሴ ነገር ነው የቀፈፈኝ። እሱ ስለ ሁለት ዲግሪው ሲናገር እኔ እንጨቱን አጋድሎ የሚይዝ ማሰሪያ በሐሳቤ እየሠራሁ ነበር። ከሥሩ ሽብልቅ አስገብቼ፣ በብሎን አጥብቄ፣ ጋሽ ቢተው በዓይናቸው ሊያቃኑት እንዳይችሉ አድርጌ። ሆዴ ነገሩ ሳይገባው እጄ ሒሳቡን ጨርሷል። ሙያ እንዲህ ያለ አሽከር ነው፤ ማን እንደጠራው አያይም።

ጋሽ ቢተው ግን ተነስተው ወደ ኮላ ጣሳዬ ሄደው መቀቢያዬን አንስተው ነበር።

ስለ ኮላዬ መቀቢያ መናገር አለብኝ። የእትዬ ብርቅዬ ወንድም ጥሩሰው በሙጃ በኩል ያርሳል። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ፣ አውድማ ላይ ሳሉ፣ ከሰማይ የመጣ ነገር በቅሎውን ገደለ፤ የምራቱንም ግራ እግር ከጉልበት በታች ወሰደ። የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የጠየቅኸው ሁሉ የዚያኛው ወገን ነው ብሎ ይምላል። ጥሩሰው ከጤፉ ክምር ሥር ያገኘውን መዳፍ የምታህል ጠንካራ ቆርቆሮ ይዞ ወደኛ መጣና «ከዚች የሚሠራ ነገር ይኖራል?» አለኝ። ጠርዟ ቀጥ ያለ ነው። ትጠቅማለች አልኩና ተቀበልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮላ የምቀባባት እሷ ናት። ስምንት ወር። የተማሪ ዴስክ ሁሉ የተጣበቀው በሷ ነው።

ጋሽ ቢተው የደረቀውን ኮላ በጥፍራቸው ልጠው አወረዱ። ቆርቆሮዋን አምጥተው ከሞዴሉ ክንፍ ጎን አስቀመጧት። ያው ቅርጽ ነው፤ አንዱ ጠርዝ ዘንበል፣ ሌላው ቀጥ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቀዳዳ። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከሥሯ ጎን አዩዋት።

«ለካልኝ ደሳለ።»

ለካሁ። የሞዴሉ ክንፍ ሁለት ሳንቲም ነው፤ ቆርቆሮዋ ስምንት። አራት እጥፍ። ከሥሯ የታጠፈችበትን ከንፈር በማዕዘን መለኪያ ያዝኩ። ፍንዳታው ያጎበጣት ይመስለኝ ነበር። ሁለት ዲግሪ ነበረች።

ሰውነት ከበሩ ተመልሶ አየን። ሊክድ ይችል ነበር፤ አልካደም። ያ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ፤ እንደ ጥሩ ሻጭ ማስረዳት ጀመረ።

«ይህ የድሮው ነው» አለ። «የድሮው ይስታል። ከአውሮፕላን ሲለቀቅ አፍንጫው ነፋሱን በትክክል አይከፍልም። እኛ አፍንጫውን ቀይረናል። የምንለፋው እኮ እንዳይስት ነው አባቴ። ሰላማዊ ሰው ላይ እንዳይወድቅ። በደንብ ካሰቡት ሕይወት ማዳን ነው።»

«የጥሩሰውን ምራት ያገኛት ስቶ ነው?» አሉ ጋሽ ቢተው።

«ሊሆን ይችላል።»

«ባይስት ኖሮ የማንን ምራት ያገኝ ነበር?»

ሰውነት ወደኔ ዞረ፤ እኔ የተማርኩ ስለሆንኩ የምረዳው መስሎት። እኔም ፊቴን ወደ ቶርኖው አዞርኩ። ሐቁን ለመናገር ነገሩ ስህተት የሌለበት ሒሳብ ነው። የማይስት ከሚስት ይሻላል። ሒሳቡ ልክ ሆኖ ነገሩ እንዲህ የሚያቅለሸልሽ ሲሆን ምን እንደሚባል አላውቅም።

ጋሽ ቢተው ከበሩ ጀርባ ከረጢቱን አወረዱ። አራቱን የዛጉ መሮዎች ሰውነት ፊት አንድ በአንድ ደረደሩ።

«በነዚህ ነበር መሠራት የነበረበት» አሉ። «ብትነግረኝ እምቢ እልህ ነበር። እምቢ ባልል እንኳ፣ ርቦኝ እሺ ብል እንኳ፣ በየትኛው መሮ እንደምሠራ አውቅ ነበር። አንተ ዝናብ አልከኝ። እኔ በመስቀል መሮ ሠራሁልህ።»

«መሮ መሮ ነው አባቴ።»

«ላንተ።»

ከዚያ መጥረቢያቸውን አነሱ። ጉቶው ላይ አንዱን ሞዴል አቆሙና በአፍንጫው በኩል፣ እንጨቱ በሚሄድበት መስመር፣ ለሁለት ሰነጠቁት። አልተቆጡም፤ ማገዶ እንደሚፈልጥ ሰው ነው። ሁለተኛውን አቆሙ።

«ኧረ ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸ ሰውነት።

«እንጨቱ የኔ ነው። ወረቀቱ ያንተ ነው፤ ውሰድ።»

ስድስቱም እስኪያልቁ ቆሞ አየ። የመጨረሻው ሲሰነጠቅ ወረቀቱን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተ። በሩ ላይ ዞሮ፣ ንዴቱ በርዶለት፣ በጨዋ ድምፅ፣ «የማሽኑ መለዋወጫ ጉምሩክ ደርሷል» አለን። «በአንድ ቀን ስድስት ያወጣል። እናንተ ብትሠሩም ባትሠሩም ምንም የሚለወጥ ነገር የለም።» ሄደ። ውሸት የለበትም። ዛሬ ያ ማሽን እየሠራ ይሆናል፤ ሁለት ዲግሪውን ሳያቃና፣ የሰካራም ሥራ ነው ሳይል።

ቆርቆሮዋን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳት። ኮላ አሁን በቀርከሃ ስንጥር ነው የምቀባው፤ እኩል አይዳረስም፤ ይሁን። ሙጃ የገጠምኳቸውን ዴስኮች ግን ልነቅላቸው አልችልም። ልጆች ተቀምጠውባቸዋል።

የቀረው መስቀሉ ነበር። ግማሹ የወጣው በዚያው በዘጠኙ መሮ ነው። ጋሽ ቢተው ሦስት ቀን አልነኩትም። በአራተኛው ቀን መስቀሉን በነጠላ ጠቅልለው፣ መሮዎቹን በከረጢት ይዘው፣ እኔን አስከትለው በእግር ወደ ነአኩቶ ለአብ ሄዱ። አባ ተክለ ሚካኤል ከዋሻው አፍ ላይ፣ ከአለቱ የሚንጠባጠበው ጠበል ከሚጠራቀምበት የድንጋይ ገበታ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ቢተው ተንበርክከው ሁሉንም ነገሯቸው። አንዳች አላስቀሩም፤ አሥራ አንድ ጊዜ ቪዲዮውን እያዩ መደሰታቸውን እንኳ ተናገሩ።

«ሳታውቅ ነው ልጄ» አሉ አባ። «እግዚአብሔር ይፍታህ። መሮዎቹን እዚህ ጠበል ንከራቸው፤ ሥራህን ቀጥል። ንግሡ አይጠብቅም።»

«አባቴ፣ እኔን ይፍቱኝ» አሉ ጋሽ ቢተው። «መሮዎቹን ግን አይፍቷቸው።»

«ለምን?»

«እነሱ ቢፈቱ እኔ እረሳለሁ።»

አባ ግማሹን መስቀል ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ምን እንዳደረጉት አልነገሩንም። «እንግዲያው በሌላ እንጨት፣ በሌላ መሮ። ካልደረሰ በተሰነጠቀው እናነግሣለን» አሉ።

ከጭነት መኪና ባሌስትራ ዘጠኝ መሮ ቀጠቀጥኩላቸው። ደህና ብረት ነው፤ ስለቱን ግን እንደ አሮጌዎቹ ለማድረግ ሠላሳ ዓመት ይፈልጋል። የድሮዎቹን ዘጠኙን ለኔ ሰጡኝ። «በር ሥራባቸው» አሉ። «በር ከሁሉም ሰው ጋር ይውላል።» እየሠራሁባቸው ነው። እንደነሱ ያለ መሮ ይዤ አላውቅም፤ በያዝኳቸው ቁጥርም እጄን መታጠብ ያምረኛል።

አዲሱ መስቀል ጥቅምት አጋማሽ ላይ አለቀ። አይቼዋለሁ፤ የአባታቸውን አያንስም። እትዬ ብርቅዬ በነጭ ሻሽ ጠቅልለው፣ «በል አድርስ እንጂ፣ ከእንግዲህ ምን ልትጠብቅ ነው?» ካሉ ሳምንት ሆነ። ንግሡ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ዛሬም ጠዋት ስገባ ሻሹ ተፈትቶ፣ መስቀሉ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ጋሽ ቢተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ደሳለ፣ ና እስቲ ይሄን ግራ ክንድ ለካልኝ።»

ስድስት ዓመት ከኋላቸው ተደብቄ የለካሁ ሰው ማዕዘኔን በግላጭ አወጣሁ። ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ለክቻለሁ። ግራውን ያዝኩ፣ ቀኙን ያዝኩ፣ ካሊፐሩን ጨመርኩ።

«ድፍን ዘጠና ነው ጋሼ። በሁለቱም በኩል።»

«ሁለት የለበትም?»

«ግማሽም የለበትም።»

መስቀሉን ከእጄ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። በአውራ ጣታቸው ክንዱን ከሥር እስከ ጫፍ፣ ከጫፍ እስከ ሥር ዳሰሱት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ።

«ደግመህ ለካ» አሉ።